ሱልጣን የነገረኝ መጨረሻ

ኅዳር 4፣ ሰኞ። ጠዋት።
ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ከቂርቆስ ቤ/ክ ላንቻ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ታክሲ አልጋፋም። ማንበብም እችላለሁ። በጣቴ እየተከተልኩ ነው፣ ግን እችላለሁ። ይህን የምታውቀው አንተ ደብተር ብቻ ነህ። ሌላው ጋዜጣ ይዤ ሲያየኝ ድሮ የተማርኩ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ዛሬ ሁለት ገጽ ሄድኩ። መጽሐፉ የሟች ባለቤቴ የአስካለ ነው። የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ። ካሳሁን የሚባል የቄራ ሥጋ ሻጭ ሥጋ የማትቀምስ ልጅ ይወዳል። ትርሲት ትባላለች። ለእሷ ሲል እኔም አልበላም ብሎ ይዋሻል። አስካለ የመረጠችው እኔም ሥጋ ሻጭ ስለነበርኩ ነው፣ ልትስቅብኝ። ማታ ማታ ታነብልኝ ነበር። ትርሲት ውሸቱን ያወቀች ለት ላይ ስንደርስ አስካለ ታመመች። እዚያው ቆመ። የቀረውን ራሴ እደርስበታለሁ። ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ችግሩ መጽሐፉ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል። ልጄ አልማዝና የልጅ ልጄ ማኅሌት አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ልክ ሲጀምር እወጣለሁ። የሴት ነገር ንቄ ይመስላቸዋል።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ።
ማኅሌት ከት/ቤት ሥራ ተሰጥቷት በስልኳ ፊልም ትቀርጻለች። ዘጋቢ ፊልም አለችው። የእሷ ዕድሜ ልጆች ፍቅርን ከየት እንደሚማሩ። እኔንም ልትቀርጽ መጣች። አያቴን እንዴት አገኘሃት ለሚለው ሽማግሌ ልኬ አልኳት። "ከዚያ በፊትስ አባባ? ማለቴ፣ ሽማግሌ እስኪሄድ በቃ ዝም?" ሂጂ እኩዮችሽን ጠይቂ አልኳት። "አባባ ደግሞ ሙድ ይይዙብኛል" ብላ ሄደች።

ኅዳር 10፣ እሑድ።
ትናንት ማታ ድራማው አለቀ። እኔ ካዛንቺስ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፣ እግሬ ተቃጠለ። ዛሬ ከቤ/ክ መልስ ላንቻ ሻይ ቤት፣ ከሱልጣን ጋር። የወሎ ሰው ነው፣ ሱቁ ሥጋ ቤቴ አጠገብ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከእኔ ሥጋ አልገዛም፣ ሃይማኖቱ ነው፣ እኔም ተቀይሜው አላውቅም። ዛሬ ግን።

ገና ሻዩ ሳይቀርብ፣ "ድራማው አለቀ፣ አንተ አላየህም አሉ። አብሽር፣ እኔ አለሁልህ። ተጋቡ። አዳራሽ፣ ኬክ፣ ነጭ መኪና።" ፊቱ በርቷል።

ተነሳሁ። ደህና ዋል አላልኩትም።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ።
ሻይ ቤት አልሄድም። መጽሐፉ ፍራሽ ሥር ነው። የታወቀ ነገር ምን ይነበባል። ሱልጣን ተምር ላከ። ተምሩን መለስኩለት።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ።
ሱልጣን የላከው ሽማግሌ መጣ። ሦስት ሰው። የዕድሩ ዳኛ አቶ ግርማ ከፊት። እሺ ሳትለን አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ። ደንቡ ነው። ሱልጣን ወላሂ ያጠፋሁትን አላውቅም ብሏቸዋል። አቶ ግርማ ጀመረ። ሰደበህ? አልሰደበኝም። አማህ? አላማኝም። ድንበር ገፋህ? የምን ድንበር፣ ግቢው የቀበሌ። አንደኛው ሰውዬ፣ "ታዲያ ተምር መላክ ወንጀል ሆነ እንዴ፣ ደምሴ?"

ምን ልበል? የአንዲት ልጅ ሠርግ ነገረኝ ልበል? ታዲያ ምን አለበት ይሉኛል። እያነበብኩ ነው ልል ነው። እስካሁን አልጨረስክም ወይ ሊሉኝ ነው። እሱ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። ሳይቀመጡ ሄዱ። አቶ ግርማ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃውን በስንት መከራ ነው የወረደው።

ማምሻውን። አልማዝ ከወፍጮ ቤት እያለቀሰች መጣች። የተጣላነው ሱልጣን እሷን ለወንድሙ ልጅ ጠይቆ ነው ይባላል። እኔ ዝም ስላልኩ ሰው ራሱ ምክንያት ሠራ። የሱልጣን ሚስትም ሰምታለች አሉ። አሁንስ ከፋ።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ።
ማኅሌት ፊልሟን ጨርሳ በቴሌቪዥኑ አሳየችን። የት/ቤቷ ልጆች ናቸው። አንዱ፣ ፊልም ላይ ወንዱ ኤርፖርት ድረስ ሮጦ ነው ልጅቷን የሚያስቀራት፣ የኔዋ የምትሄደው ሳሪስ ነው፣ ምኑን ልሩጥ ይላል። ሳቅሁ። ወዲያው ፊልሙ ላይ ሱልጣን ብቅ አለ። ባለፈው ዓርብ ሱቁ ሄዳ ቀርጻዋለች። ድራማ ይወዳሉ ወይ ትለዋለች። አልወድም አለ። "ደምሴ ዓይኑ ደክሟል መሰለኝ፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ይወጣል። ኩሩ ነው፣ አይናገርም። እኔ ነኝ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ያየሁለት፣ እንዳይቀርበት ብዬ። ነገርኩት፣ ተቆጣ። እንጃ።"

ወጣሁ። ማኅሌት ፊልሙን አልወደደልኝም ብላ አኩርፋለች።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ። ከሰዓት።
መጽሐፉን አወጣሁ። ምሳ አልበላሁም። የቀረኝ ጥቂት ገጽ ነበር፣ ጨረስኩት።

አዳራሽ የለም። ኬክ የለም። መኪና የለም። ትርሲት ሥጋ ቤቱ ትመጣለች፣ ከገዢ ጋር ትሰለፋለች። ተራዋ ሲደርስ ምን ልስጥሽ ይላታል። እውነቱን ስጠኝ ትለዋለች። ሰው ሁሉ እየሰማ ይነግራታል። "ነገ ደግሞ ትነግረኛለህ" ብላ ትወጣለች። በቃ፣ አለቀ። መጋባታቸውን እንኳ አይናገርም። ባለድራማዎቹ ናቸው ከራሳቸው የዳሩት።

ሱልጣን የነገረኝ የዚህን መጽሐፍ መጨረሻ አይደለም። ምንም አላበላሸብኝም። ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ አፈርኩ። ቢያበላሽስ ኖሮ? ሰውዬው የማይወደውን ነገር ስለ እኔ ሲያይ ከርሟል።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ። ጠዋት 2 ሰዓት።
ዕዳዬ። ራሴ እከፍላለሁ፣ ሽማግሌ አልልክም።
ለሱልጣን፦ ሱቁ ሄጄ፣ ገዢ ቢኖርም እዚያው ፊቱ፣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ማንበብ ነው ገና በጣቴ እየተከተልኩ የሆነብኝ እለዋለሁ። ለምን እንደተቆጣሁም። ተምሩን ካልበሉት እቀበላለሁ።
ለሚስቱ፦ የወፍጮ ቤቱ ወሬ ውሸት መሆኑን። እሱ ሲሰማ።
ለአቶ ግርማና ለሁለቱ፦ ምሳ፣ ቁጭ ብለው።
ለአልማዝ፦ ወፍጮ ቤት ራሴ እሄዳለሁ። ሴቶቹ ይሳቁብኝ።
ለማኅሌት፦ ፊልሟ ጥሩ ነው። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ለአስካለ ሥጋ አብዝቼ እመዝንላት ነበር፣ ትቅረጸው።
ለአስካለ፦

ሌላም አለ። ግን እዚህ በጻፍኩ ቁጥር የከፈልኩ እየመሰለኝ ነው። ሱልጣን አሁን ሱቁን ከፍቷል። ሄድኩ።