ለስምንት እጥበት የታሰበ ውሸት

ለተከበሩ የመታወቂያ እድሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዓይንዎም እንደ ማኅተምዎ ጥርት ያለ ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ፣ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርሁት በአራቱም ቀጠሮዎቼ እርስዎን በአካል ለማግኘት ስላልታደልሁ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበርሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርሁት ከሞተር ጋር በሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ነው። ስለዚህ መመሪያ አከብራለሁ፣ የእርስዎንም ጭምር።

አንደኛ። ባለቤቴ በዓይን ግፊት ትታመም ነበር። ሐኪም ቤቱ ቀዶ ጥገናውን ለማድረግ የእኔን ፊርማ፣ ለፊርማዬም ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ ጠየቀ። የእኔው ጊዜው አልፎበት ስለነበር ወደ አራተኛው መስኮትዎ መጣሁ። እዚያ የተቀመጠችው ሠራተኛዎ የዛሬ ሃያ ዓመት የተነሣሁትን ፎቶ ከነጭ ራሴ ጋር አስተያይታ፣ “አባባ፣ ይሄ እርስዎ አይደሉም፤ ልጅዎ ከሆነ ራሱ ይምጣ” አለችኝ። ልጅ የለንም። አዲስ ፎቶ ልነሣ ብላት፣ አዲስ ፎቶ የሚነሣው ከአሮጌው ጋር የተመሳሰለ ሰው ብቻ መሆኑን አስረድታ “አልተመሳሰለም” የሚለውን ማኅተም ፋይሌ ላይ መታችልኝ። ሰው ከራሱ ጋር ሳይመሳሰል መኖር እንደሚችል ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ፎቶው ላይ እንዳለሁት ጥቁር እንድሆን ከባለቤቴ ጋር የጸጉር ቀለም ልንገዛ ሄድን። ሻጩ አንደኛው ጸጉር ውስጥ ዘልቆ የሚቀር፣ ሌላው “ከፊል ዘላቂ” የሚባል፣ ከላይ ከላይ ሸፍኖ ከስምንት እጥበት በኋላ የሚለቅ መሆኑን ነገረን። ከፊሉን መረጥሁ። በሰባ ሦስት ዓመቴ ለጽሕፈት ቤት ብዬ የምዋሸው ውሸት ከስምንት እጥበት በላይ እንዲቆይ አልፈለግሁም። ካርቶኑን ግን ያነሣችው ባለቤቴ ናት፤ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ፣ አፍንጫዋን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው አስጠግታ፣ “ጥቁር ይላል። ይኸው፣ ገና መች ታወርሁ” አለች። ከ“ጥቁር” ሥር በደቃቅ ፊደል “ቀይ” የሚል ነበረበት። አይቼዋለሁ። ካርቶኑን ከእጇ መቀማት ግን አልቻልሁም፤ ይህን ጥፋት በእርስዎ አላላክክም።

ሦስተኛ። ከካርቶኑ የወጣው የመመሪያ ወረቀት እንዳዘዘው ከቀለሙ ጥቂት ከጆሮዬ ጀርባ ተቀብቼ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ ቆዳዬ አልተቆጣም። ቀለሙ እንዳይነካኝ ግንባሬን ቫዝሊን ተቀባሁ። ጓንት አጥልቃ፣ በጣቶቿ እየዳሰሰች ያዳረሰችልኝ ባለቤቴ ናት። ወዲህ ጨምሪ፣ ወዲያ ቀንሺ ስላት፣ “አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ፤ ዛሬ የምትጠገነው አንተ ነህ” አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን፣ ውኃው እስኪጠራ በቀዝቃዛ ታጠብሁ። ነጭ ጸጉር ቀለሙን አጉልቶ እንደሚያሳይ ወረቀቱ የሚናገረው በመጨረሻው መስመር ነው። መስታወት ውስጥ ያየሁት ራስ ቀይ ሥር ይመስል ነበር። “ጠቆረ?” አለችኝ። ጠቁሯል አልኋት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ካርቶን ልግዛ ብል ለምን ባለችኝ ነበር።

አራተኛ። በመጀመሪያው ቀጠሮዬ ሲስተም አልነበረም። በሁለተኛው እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ያንኑ ስብሰባ ለመገምገም ተሰብስበው ነበር። ቀይም ቢሆን ከነጭ ይልቅ ለጥቁር ይቀርባል ብዬ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ራሴን ሳልታጠብ በባርኔጣ ሰባት ሳምንት ዞርሁ። ትራሴ ቀላ። የሰፈር ሰዎችም “ጎረምሳው” የሚል ስም አወጡልኝ፤ ለዚህም ባለውለታዬ እርስዎ ነዎት። በአራተኛው ቀጠሮ፣ የቀረው ቀለም የዛገ ቆርቆሮ መስሎ ሳለ፣ ያችው ሠራተኛዎ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ “ተመሳስሏል” የሚለውን መታችልኝ። ቀና ሳይሉ መምታት እንደሚቻል በመጀመሪያው ቀን ተነግሯት ቢሆን ምንኛ በበጀን ነበር።

አምስተኛ የለም። መታወቂያውን ይዤ በማግስቱ ሐኪም ቤት ስንደርስ፣ ሐኪሙ በዓይኗ ውስጥ መብራት አብርቶ ብዙ ከተመለከተ በኋላ፣ ግፊቱ የዓይኗን ነርቭ እንደጨረሰው፣ ከሁለት ወር በፊት መጥተን ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይነግረን እንደነበር አስረዳን። ፊርማዬን የጠየቀኝ የለም።

አሁን ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር ስንቀመጥ እጇን ወደ ራሴ ትሰድና ጥቁሩ ገና እንዳለ ትጠይቀኛለች። ስምንቱ እጥበት ካለቀ ቆይቷል፤ ራሴ እንደ ቀድሞው ነጭ ነው። አለ፣ እላታለሁ። ለእርስዎ ያዘጋጀሁት ውሸት በወቅቱ ለቀቀ፤ ለእሷ የዋሸሁት ግን የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

ለመስኮትዎ ጎንበስ፣ ለማኅተምዎ እጅ እየነሣሁ፣

በፋይልዎ መጀመሪያ ያልተመሳሰልሁ፣ ኋላ የተመሳሰልሁ፣ በመካከሉ ማንም ያልነበርሁ፣

ታዛዥዎ የቀድሞው ፓምፕ ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ በበርዎ ላይ “ሕዝብን በቅንነት እናገለግላለን” ከሚለው ጽሑፍ “በቅንነት” የሚለው ቃል ደብዝዞ አይነበብም። ከቀለሙ ሩብ ያህል ስለተረፈኝ በጥበቃው እጅ ልኬልዎታለሁ። የሚቆየው ለስምንት እጥበት ብቻ ነው፤ ለእርስዎ ቤት ይበቃል።