ለምስጋና የወጣው እጅ

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድ ትራፊክ ቢሮ ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ወገብዎን ለሚደግፈው ወንበር፣ ጫጫታ ለማያስገባው የቢሮዎ መስታወትና መንገድ ተሻግረው ለማያውቁት እግሮችዎ ዕድሜና ጤና እመኛለሁ። እኔ በርና መስኮት የሚሠራ የአንድ አናጢ ባለቤት ነኝ። ይህንን እኔ የምጽፈው እሱ «ተይው፣ ማን ሊሰማሽ» ብሎ እምቢ ስላለኝ ነው።

አንደኛ፣ ጆሯችንን ለማሳረፍ ክላክስ መንፋትን ስለከለከሉልን አመሰግናለሁ። የአውቶቡስ ሾፌሮችን ሰብስበው በክላክስ ፋንታ የፊት መብራት ብልጭ እያደረጉ «መጣሁ፣ ጠብቁኝ» እንዲሉ ማሠልጠንዎንም ሰምቼ ብልህነትዎን አድንቄያለሁ። የቀረችው ትንሽ ነገር ለእኛ አለመንገርዎ ብቻ ናት። እኛ መሪ ከጨበጥንበት ቀን ጀምሮ መጋጠሚያ ላይ መብራት ብልጭ ያደረገልን ሰው «እለፉ» ማለቱ እንደሆነ ነው የምናውቀው፤ ላሳለፈንም እጃችንን በመስኮት አውጥተን እናመሰግናለን። ይህ ልማዳችን በእርስዎ አዳራሽ ውስጥ መሻሩን ማን ይንገረን?

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ የሠራውን በር በፒካፑ ጭኖ ለደንበኛው ሊያደርስ ሲሄድ፣ የትራፊክ መብራቱ ከጠፋ በቆየው የገበያው መጋጠሚያ ላይ ከግራው አውቶቡስ መጣና ብልጭ አደረገ። ባለቤቴ ያሳለፈው መስሎት ግራ እጁን አውጥቶ አመሰገነና ገባ። ሾፌሩ ደግሞ የወጣውን እጅ ሲያይ እሱ የተፈቀደለት መስሎት፣ ሰው እንዳያስጠብቅ ብሎ ነዳጅ ሰጠ። በዚያች ቅጽበት በከተማው ውስጥ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በላይ የተከባበረ አልነበረም። አውቶቡሱ የፒካፑን በር ከነእጁ ጨፈለቀው። ክላክስ ግን አልተነፋም፤ መመሪያዎ እስከ መጨረሻው ተከብሯል።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ ባለቤቴን «ያለ አግባብ እጁን ከተሽከርካሪ ውጭ በማውጣት» ጥፋተኛ ብሎ መንጃ ፈቃዱን ስለነጠቀው ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስለ ብልጭታው ትርጉም ግን ውሳኔው አንድ ቃል አላነሳም። የአውቶቡሱ ሾፌር ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጥቶ ነበር። «ወንድሜ፣ እለፍ ያልከኝ መስሎኝ እኮ ነው» ሲል፣ የእኔውም «እኔም አንተ ያልከኝ መስሎኝ ነው» አለው። ይቅር ሊባባሉ ጥፋተኛውን ቢፈልጉ ከሁለቱ መካከል አጡት። እኔ አድራሻውን አውቀው ስለነበር ወረቀትና ብዕር ፍለጋ ወጣሁ።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ሐዘን ነው። የተጎዳው እጅ መሮ የሚይዘው እጅ ነው። ጣቶቹ አይጨብጡም፤ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም። ይህንስ ታግሼ እችለው ነበር። የሚያንገበግበኝ ግን ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ጎረቤት እጁን አንስቶ ሰላም ሲለው፣ ባለቤቴ ደህነኛውን እጁን እንኳ ከጭኑ ላይ አለማንሳቱ ነው። ቢሮዎ ጥፋተኛ ያለውን ነገር ድጋሚ ላለመሥራት ይመስለኛል። ስለ እሱ ያስገባሁት ይግባኝ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ያጠፋው እሱ እንዳልሆነ በጽሑፍ እንዲነግሩልኝ፣ የፊት መብራት ብልጭታውም ምን ማለት እንደሆነ ለሁላችንም እንዲያሳውቁን እለምናለሁ።

ለከተማው ፀጥታ ከሚደክሙት ድካም ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የሚነሣ እጅ በቤታችን እስካለ ድረስ አክባሪዎ የሆንኩ፣

የአናጢው ባለቤት

ከፊርማ በኋላ የመጣ፦ ይህን በእጅዎ ላስረክብ የወንድሜን መኪና እየነዳሁ ስመጣ፣ እዚያው መጋጠሚያ ላይ የእርስዎ መኪና መብራት ብልጭ አደረገችልኝ። እኔ ቆምኩ፤ ሾፌርዎም ቆሙ። ወርጄ እለፊ ነው ወይስ ቁሚ ብዬ ብጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ እህቴ፣ አለቃን ጠይቂያቸው» አሉኝ። እርስዎ ከኋላ ወንበር አፍዎን ከፍተው ተኝተው ነበር። በክላክስ እንዳልቀሰቅስዎ መመሪያዎ ስለከለከለኝ፣ ደብዳቤውን ሁሉም ሰው እንዲያነበው በአደባባይ አወጣሁት።