«ዋርካው ደርቋል» ላለን የመስታወት ህንጻ

ለተከበሩ የአዲሱ መስታወት ህንጻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቀው፤ ከቀትር በኋላ እዚያ ህንጻ ውስጥ የሚውል ሰው ጤና ከልቤ ስለሚያሳስበኝ ነው። ላቡን ያቅልልዎ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በአርባ ምንጭ ፊዚክስ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ቤቴ ወደ ጫኖ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጋሞ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ከሚቀመጡበት ከዱቡሻው አጠገብ ነው። ከጎንደር መጥቼ ገና በዓመቴ ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ብንጣላ፣ እዚያ ዱቡሻው ላይ ካለው ዋርካ ሥር የዕርቅ ምልክት የሆነውን ለምለም ሣር ይዘው ያስታረቁን ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዋርካውን እንደ ዘመድ ነው የማየው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ዱቡሻው ፊት ለፊት አራት ፎቅ ሲያቆሙ የሠፈሩን ሰው አላማከሩም፤ ከስብሰባ ስላዳኑን እናመሰግናለን።

፪. በምረቃው ዕለት «ኃይል ቆጣቢ» ያሉን መስታወት ቃሉን ጠብቋል። የቀድሞ ተማሪዬ ኢንጂነር ኖላዊት ከመስታወቱ ጥግ ሳይላጥ የቀረውን ወረቀት አንብባ እንደነገረችኝ፣ የተሠራው ለብርድ አገር ነው፤ ሥራውም የገባው ሙቀት እንዳይወጣ መያዝ ነው። ለአርባ ምንጭ ሙቀት ቆጠቡልን! የሚከፈት መስኮት ስለሌለውም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሠራተኞችዎ ጠረጴዛቸውን ተሸክመው ዋርካው ሥር ይሰፍራሉ፤ ባለጉዳይም እዚያው ይስተናገዳል።

፫. ወደ ውስጥ የጎበጠው የህንጻው ፊት የከሰዓቱን ፀሐይ ሰብስቦ ዋርካው ላይ ይለቀዋል። ጎድጓዳ መስታወት ወረቀት እንደሚያቃጥል ለስንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ዛፍ ሲያቃጥል ግን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። በሁለት በጋ በህንጻው በኩል ያለው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ረገፈ፤ ሽማግሌዎቹም ከኖሩበት ድንጋይ ተነስተው ወደ ጀርባው ዞሩ።

፬. እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀ። ባለፈው ሰኞ «ዋርካው የደረቀና ለህንጻው አደገኛ በመሆኑ ሐሙስ ይቆረጥ» የሚል ደብዳቤ ግንዱ ላይ አስለጠፉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ይህንን ነው። ራስዎ አድርቀውት ሲያበቁ ደረቀ ይሉናል! ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ እንቅልፍ እስካጣ ተናድጃለሁ።

መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። የገረሴ ሰው ቀርከሃ ፈልጦ እንደሚያጥር፣ ከመስታወቱ ውጭ የቀርከሃ መከለያ ይሠራለት፤ የሚከፈት መስኮትም ይውጣለት። ይህን ሐሳብ በጽሑፍ አስገብቼ «ለህንጻው ውበት አይመጥንም» የሚል መልስ ደርሶኛል።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ኤርጫፎና ሽማግሌዎቹ ለምለም ሣር ይዘው ግንዱ ፊት ይቀመጣሉ። እኔም በርጩማዬን ይዤ አብሬአቸው ነኝ፤ መጋዙን የሚይዙት ሰዎች ከእኛ እንዲጀምሩ ይንገሩልኝ።

በመስታወትዎ ውስጥ ራሷን በየዕለቱ የምታይ፣ እርስዎም አንድ ቀን ራስዎን እንዲያዩበት የምትመኝ፣ አክባሪ ጎረቤትዎ፣
እጅጋየሁ ይበልጣል

ማስታወሻ፦ ግንዱ ላይ የተለጠፈውን ትዕዛዝ ተጠግቼ መረመርኩት። ማኅተሙ ያረፈው በደረቀ የወፍ ኩስ ላይ ነው፤ ቀኑም መብራት ጠፍቶ ጽሕፈት ቤትዎ ውጭ የዋለበት ዓርብ ነው። ይቆረጥ ብለው ሲያትሙ ጥላ የሆነዎት ማን እንደነበር ወፏ ፈርማበታለች።