የለተብርሃን አባት ሩብል

ጥቅምት 4፣ 2015፣ ዓርብ
ካርቱም ውስጥ ዓርብ ሰው ሁሉ ያርፋል፣ የኔ ሥራ ግን ይበዛል። ባለቤቱ ቤት ሲውል ነዋ ሙከይፉ፣ በርጥብ ጭድ ቤት የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ መበላሸቱ የሚታወቀው። ዛሬ እዚሁ ሰፈሬ ጀብራ፣ ሲት ኒዕማ ቤት። ጭዱን ልቀይር ስከፍተው ሞተሩ ሥር ሳንቲም ተወትፏል። እንዳይንቀጠቀጥ ድጋፍ መሆኑ ነው። የራሺያ ሳንቲም! ባለ ሦስት ኮፔክ፣ 1961 ይላል። ሲት ኒዕማ ድሮ አንድ ራሺያዊ ተከራይቷቸው እንደነበር ነገሩኝ። ውሰደው አሉ። በምትኩ የጠርሙስ ክዳን ወተፍኩ። ይሠራል... ለጊዜው።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ከአቧራ በቀር ምንም ሰብስቤ አላውቅም። ሳንቲም ብሰበስብስ?

ጥቅምት 9
ስልኬ ላይ ስለ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ሳይ ዋልኩ። ዓለምነህ፣ አብሮኝ የሚኖረው ባለ ሪክሻ፣ በኛ ባጃጅ፣ "ሰው ዶላር ይሰበስባል፣ አንተ ዝገት" አለኝ። ይሳቅ።

ፎርጅዱ የሚለየው እንዲህ ነው፦ ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። ከብር የተሠራው የድሮ የራሺያ ሩብል ሃያ ግራም ነው የሚመዝነው። ጠርዙ ላይ ፊደል አለ፣ ፎርጅዱ ላይ ግን ወይ የለም ወይ ተጨማልቋል። ከሁሉ በላይ ዓመቱና ንጉሡ መገጣጠም አለባቸው። ፂማሙ ኒኮላይ፣ የመጨረሻው የራሺያ ንጉሥ፣ የነገሠው ከ1894 እስከ 1917 ነው፣ በፈረንጅ። አጭበርባሪ ብዙ ጊዜ የሚበላው እዚህ ላይ ነው አሉ።

እኔን ደግሞ በዓመት ማን ሊያታልለኝ? ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ባሳደስኩ ቁጥር ስምንት ስደምር ስምንት ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካርቱም በሌላ ባታስተምረኝ በዚህ አስመርቃኛለች።

ጥቅምት 18፣ ዓርብ
ኦምዱርማን ገበያ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሐጅ ሦስት ሩብል ደረደሩልኝ። ማግኔቴን ሳወጣ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሁለቱ ሩብሎች ዘለው ተጣበቁ። ሐጁ "ሱብሐነላህ" አሉ፣ ሌላ ሰው ያመጣው ይመስል። ሦስተኛው አልተሳበም። የኒኮላይ ፂም አለ፣ ዓመቱ 1890።

1890? ያኔ ሰውየው መቼ ነገሠ... ልመልሰው ስል ብልጭ አለልኝ። ራሺያ እኮ ኦርቶዶክስ ናት! ገናን የሚያከብሩት ከኛ ጋር፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ዓመታቸውም እንደኛው ነው ማለት ነው። ስምንት ሲደመር 1898። ኒኮላይ ዙፋኑ ላይ!

ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎት ይሄድ ነበር። ጠርዙ ትንሽ ተጨማልቋል፣ ቢሆንም መቶ ዓመት ያለፈው ማን ያልተጨማለቀ አለ? ገዛሁት። ስሄድ ሐጁ ከጎረቤታቸው ጋር ይስቁ ነበር። እውቀቴ ገርሟቸው መሆን አለበት።

ኅዳር 2፣ ዓርብ
ምሳ ለተብርሃን ጋ። ጀብራ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። በየቀኑ የምሄደው ስለሚርበኝ ብቻ አይደለም። እሷም ታውቃለች መሰለኝ። ሰፈሩማ ያውቃል።

ሩብሌን አሳየኋት። "እኔም አለኝ" ብላ ከጓዳ በጨርቅ የተጠቀለለ ይዛ መጣች። የአባቷ ነው። አገር ቤት የሩሲያ ሐኪሞች ሹፌር ነበሩ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ሐኪም በጎርፍ ሲወሰድ ጎትተው አወጡት፣ አገሩ ሲገባ የአያቱን ሩብል ሰጣቸው። ወንድሟ የአባታችን ወሬ ሁሉ ተረት ነው እያለ ይስቃል። ለተብርሃን ሁሌ የምትመልስለት በዚህ ሳንቲም ነው።

እኔም መሣሪያዬን አወጣሁ። ማግኔት፣ አልሳበውም። ሚዛን፣ ሃያ ግራም። ጠርዙ ላይ ፊደሉ ጥርት ያለ። ኒኮላይ ከነፂሙ። ዓመቱ 1912። ስምንት ሲደመር 1920... ሰውየው ያኔ እንኳን ሊነግሥ በሕይወትም የለ! አስመሳዩ በሁሉ ተጠንቅቆ በዓመቱ ተበላ። በኩራት ነገርኳት።

"እንግዲያ አባቴ ዋሽቶኛል?" አለች።

"ሳንቲሙ ነው የዋሸው" አልኩ፣ ቀልድ መስሎኝ። ሳህኔን አነሳች። ገና ሁለት ጉርሻ ነበር የበላሁት።

ኅዳር 3
ምግብ አልቋል አለችኝ። ድስቱ እዚያው እሳት ላይ ይታየኛል።

ኅዳር 11
አሁንም አልቋል። ለዓለምነህ ግን አላለቀም። እሱ እየበላ ሳለ ለወንድሟ ደውላ "ስለ አባባ ያልከው ልክ ነው፣ ወሬኛ ነበር" ስትል ሰምቷል። ስልኩን ዘግታ አልቅሳለች።

እውነት ተናገርኩ እንጂ ምን አጠፋሁ? ... ግን ዝም ብል ምን እሆን ነበር? ምላሴን በማግኔት የሚስብ ሰው የለም?

ኅዳር 20
ከሌላ ቦታ ፉል በላሁ። ፉል ነው።

ታኅሣሥ 7፣ ዓርብ
ሶባ ሄድኩ፣ ጋሼ ወልደሥላሴ ፍሪጃቸው ቆሞባቸው። በወጣትነታቸው ራሺያ የተማሩ ናቸው። ሥራዬን ስጨርስ ሩብሌን አወጣሁ፣ እንዲያደንቁልኝ። ገልበጥ አድርገው አዩትና ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ይሄ የተሠራው ኒኮላይ ሳይነግሥ ነው፣ አሉ። የለም ጋሼ፣ እነሱም እንደኛ ናቸው፣ ስምንት ይደመራል፣ አልኳቸው።

"ገናን አብረውን ስላከበሩ ዓመቱም የኛ መሰለህ?" አሉ። "ወደ ኋላ የቀሩት በቀን ነው እንጂ፣ አሥራ ሦስት ቀን። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ ልጄ።"

እሳቸው መሳቃቸውን ቀጠሉ፣ እኔ ግን የለተብርሃንን ሳንቲም አስታወስኩ። 1912... ሳይደመር። ኒኮላይ ዙፋኑ ላይ። ማግኔት አልሳበው፣ ሃያ ግራም፣ ፊደሉ ጥርት ያለ... የለተብርሃን ሩብል እውነተኛ ነው። ፎርጅዱን በውድ ገዛሁ፣ እውነተኛውን ከነሟቹ አባቷ ውሸታም አልኩ። ሁለቱንም በአንድ ስምንት!

ከሶባ ጀብራ መንገዱ ረጅም ነው፣ ለአንድ ደደብ የሚበቃ። ሚኒባሱ ውስጥ የምላትን ስለማመድ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ተነስቶ ቦታ ቀየረ።

ታኅሣሥ 8
ሳልቀመጥ "አልቋል" አለች። ለምግብ አልመጣሁም አልኳት። ያኔ አንገቷን አየሁ። ሩብሉ ተበስቶ ከመስቀሏ ጋር ማተቧ ላይ ተንጠልጥሏል። ውሸት ከሆነ ምን ይጎዳል ብላ ኦምዱርማን ብር ሠሪ ጋ አስበስታዋለች። ውሸትም ቢሆን የሰጠኝ አባቴ ነው፣ አለች። ኒኮላይ ግንባሩ ላይ ቀዳዳ።

ሁሉንም ነገርኳት። ስምንቱን፣ ገናውን፣ የጋሼን ሳቅ። ሩብሉን በጣቷ ያዘች። አፌ ደግሞ አያርፍም፣ እንዲህ አልኩ፣ "ባይበሳ ኖሮ እኮ ሰብሳቢዎች በውድ..."

"ዋጋውን ማን ጠየቀህ?" አለች። "አባቴ ውሸታም ነው ወይስ አይደለም?"

"አይደሉም።"

"አልሰማሁም።"

በተመጋቢው ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አልበቃትም፣ ለወንድሟ ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። ለማላውቀው ሰው፣ አባትህ እውነተኛ ሰው ነበሩ፣ ደደቡ እኔ ነኝ፣ አልኩት። ወንድሟ ድምፁ ተቀይሮ "እሷን አቅርብልኝ" አለ። ለተብርሃን ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ይሰማኛል። ሳህን አልመጣም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እየራበኝ ወጣሁ፣ ግን ቀለል ብሎኛል።

ታኅሣሥ 20
ሲት ኒዕማ ጠሩኝ። የጠርሙሱ ክዳን ተጨፍልቆ ሙከይፉ እንደ ሪክሻ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱ ሳይመጣ ይስተካከልልኝ አሉ። የ1890ውን ኒኮላይ ሞተሩ ሥር ወተፍኩት። ልክክ አለ። ወላሂ፣ ለዚህ የተሠራ ነው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና
ለተብርሃን ዓለምነህን "ያ ስምንት ይምጣ" ብላ ላከችብኝ። ስሜ ቢልልኝ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ጀብራ ውስጥ ስምንት ነኝ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። አንዷ ዕድሜዬን ብትጠይቀኝ ሠላሳ ስምንት አልኩ። ለተብርሃን ከጓዳ ሆና "ተደምሮ ነው ተቀንሶ?" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ራሷ ይዛልኝ መጣች፣ አጠገቧ ቦታ አስለቀቀችልኝ። እንግዶቹ ስለ አንገቷ ሲጠይቋት የጎርፉን ታሪክ ከመጀመሪያው አወራች፣ ማንም ተረት ነው አላለም። የኔ ስብስብ አሁንም አንድ ባለ ሦስት ኮፔክ ነው። ይበቃኛል። ወጥ ልትጨምርልኝ ስታጎነብስ ሩብሉ የሳህኑን ጠርዝ ነክቶ ጮኸ። ብር ነው። ድምፁን አሁን አውቀዋለሁ።