መነሻ ሰዓት የሌለው መኪና

ፈቲሀ፣

ቁልፉ እትዬ እቴነሽ ጋ ነው። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው። መብራት ሲመጣ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጊ። የመነሻ ሰዓቱን ገጽ ግን እኔ ሳልመለስ እንዳትነኪው።

ወልቂጤ መናኸሪያ ሄጃለሁ።

ትናንት መምህሩ የሚኒባስ አፓችንን አይቶ «የጉንችሬ መኪና ሁለት ሰዓት ይነሳል ያላችሁ ማን ነው?» ካለን ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። አራታችንም የቡድኑ ልጆች ለሚኒባስ ስንጋፋ ያደግን ነን፣ ሲሞላ እንጂ በሰዓት የሚነሳ መኪና አይተን እናውቃለን? ኮዱን ለአራት ተከፋፈልነው፤ ማሰቡ ግን ለማንም አልደረሰም። ሰኞ ካላስተካከልነው ደግሞ ወደቅን።

አንቺም በሰው ፊት «እሷ ናት የሠራችው» አልሽ። አዎ፣ ገጹን ሠርቼዋለሁ። እዚሁ ፍራሽ ላይ ሆነሽ «አሪፍ ነው» ያልሽኝስ?

ማታ የተናገርኩሽን ግን...
ተዪው፣ ስትመጪ።

ተራ አስከባሪዎቹን መኪናው መቼ መቼ ቶሎ እንደሚሞላ ልጠይቃቸው ነው፤ ከዚያ ጉንችሬ ድረስ ተሳፍሬ አያለሁ። ብቻዬን ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሽሮውም ላፕቶፑም ይቆይ፤ ይህን እንዳነበብሽ ባጃጅ ያዢና ነይ። አጠገቤ ቦታ እይዝልሻለሁ።

አትሩጪ፤ ሳይሞላ አይነሳም።

ፍሬሕይወት