ከመደገፊያው ሥር ያጣሁት ብረት

ልጄ ቱቫ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። እዚህ ትሮልሄታን ከተማ በረዶው ሄዷል፤ አንገቴ ግን መኪናችን ከኋላ ከተገጨ ወዲህ ዛሬም አይዞርልኝም።

ጎረቤታችን ጉንቮር አንቺ የነደፍሽው መቀመጫ ያለበት መኪና ገዛች። «የልጅሽ እጅ ይባረክ፣ እንዴት ይመቻል!» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት በመኪና ፋብሪካ የመቀመጫ ልብስ የሰፋሁ ነኝና እጄን ከጀርባ መደገፊያው ሥር ሰደድኩ። ስንገጭ እየታጠፈ ግጭቱን የሚውጥልን ብረት የለም! አባትሽ ሲፈለስፈው ዕድሜውን የጨረሰበት፣ አንቺም በእኔ አንገት ምለሽ «አልተወውም» ያልሽው ብረት! ለማን ብለሽ አወጣሽው? ለጉንቮር መንገሩ አሳፍሮኝ ዝም አልኩ፤ እኔንም ከዳተኛ አደረግሽኝ።

እግዜር ልብ ይስጥሽ። አንድ ልመና አለኝ፤ ለሰኔው የበጋ በዓል ስትመጪ ጉንቮር በዚያው መኪናዋ ከባቡር ጣቢያ ትቀበልሻለች። ከጎኗ ተቀመጪና፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና በመስታወቱ እያየሽ ነይ።

እናትሽ ማይብሪት