ቤቴ መሬት የለውም

ለተከበሩ አቶ እንዳላማው
የመብራት ቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው ወር ደጅ ስጠናዎት ሦስት ሰዓት ሙሉ ባዶውን ሲያገለግል የዋለውን የወንበርዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አጎቴ» የሚለኝ ቴፕ ጠጋኙ አለበል ባምላኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ሽቦዬ ነው።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ይስማው ደብረ ወርቅ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የካቲት ላይ ጉሮሯቸውን ታመው እዚህ መጥተው ቢታዩ፣ ለግንቦት አሥር ቀዶ ሕክምና ተቀጠሩ፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ድምፃቸው እንደ ነበረ ይመለሳል ብሎ ሊምልላቸው አልቻለም። ስለዚህ ቀጠሮው እስኪደርስ እኔ ቤት ተቀምጠው ቅኔያቸውን በድምፅ ሊያስቀሩልን ፈቀዱ። ማይክራፎኑን ተከልኩ፤ ማጉያውን አበራሁ፤ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሽቦዬም ቀደማቸውና ዝዝዝዝ አለ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የራሴ መስሎኝ ነበር፤ እርስዎን ለመጠርጠርማ ድፍረቱ ከየት ይመጣል? የማይክራፎኑን ሽቦ ከመብራቱ ሽቦ ጎን ለጎን አስኬጄው ስለ ነበር አራቅሁት፤ መሻገር ግድ በሆነበትም በመስቀለኛ አሻገርኩት። የድምፅ ማጉያውን ሁለት ሽቦ እንደ ሹሩባ ጎነጎንኩት። ከሞተ ኮምፒውተር ገመድ ላይ ያችን ጩኸት የምታፍን ጥቁር ድብልብል ነገር ፈልቅቄ አጠለቅሁለት። ርካሾቹን አምፖሎች ነቀልኩ፣ የስልክ ቻርጀሩን ሁሉ ነቀልኩ፣ ፍሪጁንም ነቀልኩ፤ ባለቤቴ የዓለምዘርፍ «እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ንቀለኛ!» እስክትለኝ ድረስ። ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልሄደም። ይባስ ብሎም ሽቦው የሩቅ ሬዲዮ እየለቀመ፣ በመወድስ ቅኔያቸው መካከል አንድ ጋዜጠኛ የኳስ ውጤት ሲያበስር ገባ። መሪጌታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ማን አገባ?» አሉ።

ከዚያም ጩኸቱን ጥቂት አዳመጡና «አለበል፣ በግዕዝ ዝ ማለት ይህ ማለት ነው። ሽቦህ ይህ፣ ይህ፣ ይህ እያለ የሆነ ነገር እየጠቆመህ ነውና ሂድ ፈልገው» አሉኝ። እኔም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ይዤ፣ መርፌውን ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጌ፣ ሽቦውን ተከትዬ ከቤት ወጣሁ። ወደ ምሰሶው በተጠጋሁ ቁጥር ይጮኻል፤ ሥሩ ስደርስ ለየለት። ቀና ብል፣ ወደ ቤቴ የሚወርደው ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላልቶ፣ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ብልጭ ይላል። ሽቦው ይህ ሲል የከረመው ይህንን ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ይህን ብሎን ለማጥበቅ አንድ መሰላል፣ አንድ ቁልፍና ሩብ ሰዓት ይበቃል። መጋቢት ሁለት ቀን አመለከትኩ። ባለሙያዎ መጥቶ፣ ከታች ሆኖ ሽቅብ አየና «ምሰሶው ቆሟል» ሲል ሪፖርት አደረገ። መቆሙን ስላረጋገጡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በጥርጣሬ ነበር የምኖረው።

ሁለተኛ፦ ቤቴ ከቆጣሪው ወደ አፈር የሚወርድ ሽቦ የለውም። የዚህ ሙያ ሰዎች ይህን ሽቦ ባጭሩ «መሬት» እንለዋለን፤ ቤት ውስጥ የገባን የባዘነ ጩኸት የሚያስወጣ እሱ ነው። የመዳቡን ዘንግ ራሴ ገዝቼ ራሴ ቀበርኩ፤ ቆጣሪው ግን በክፍልዎ ማኅተም የታሸገ በመሆኑ መንካት አልደፈርኩም። እንደ ሕግ አክባሪ ሰው «ቤቴ መሬት ስለሌለው መሬት እንዲገባልኝ» ብዬ ጻፍኩ። የመዝገብ ቤትዎ ወይዘሪት አይናለም ማመልከቻዬን በጥሞና አንብባ፣ በሚያምር ጽሕፈት «ለመሬት ጽሕፈት ቤት ይመራ» አለችበት። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡና «አባት፣ ቤትዎ መሬት ከሌለው በምን ላይ ቆመ?» አሉኝ። ወደ ዘንጉ ጠቁሜ «መሬቱስ ይኸው፤ ያጣሁት የሚያገናኘኝ ነው» ብላቸው ተያዩ። የዘንጉን ርዝመት ጠይቀው «ይዞታ፦ አንድ ሜትር ከግማሽ» ብለው መዘገቡልኝና ሄዱ። ዛሬ በመሬት ጠያቂዎች ተራ ላይ አራት መቶ አሥራ አንደኛ ነኝ። እርጅናዬን አስበው ባለ ርስት ሊያደርጉኝ በመነሳትዎ ባለቤቴም ታመሰግናለች።

ሦስተኛ፦ ይህን ቁጥር ስጽፍ መብራት ሄደ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የማቀርበው ምስጋና ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ሽቦ ሁሉ ዝም አለ። በባትሪ የሚሠራውን መቅረጫ ይዤ ሮጥኩ። መሪጌታም አዲስ መወድስ ዘረፉ። እንደሚያውቁት መወድስ ስምንት ቤት ነው። ሰባቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርተው ገቡ። ምሥጢሩ ሁሉ የሚፈታበት ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ፣ ክፍልዎ መብራቱን መለሰ። መቅረጫው ዝዝዝዝ አለ፤ ጎረቤቱም ሁሉ በአንድ አፍ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ይድገሙልኝ ብዬ ብለምናቸው፣ «የመጣው ሄደ፤ እንደ መብራታችሁ ነው» አሉኝ።

ሌላ ቦታ ወስደህ ቅረጻቸው ይሉኝ ይሆናል። ሐኪሙ ከብርድና ከነፋስ ከልክሏቸዋል፤ የጎረቤቱ ቤት ሁሉ ደግሞ ከዚያው ምሰሶ ነው የሚቀዳው። ከማክሰኞ ወዲህ ድምፃቸው ሳስቷል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ብቻ ነው የሚወጣላቸው፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን በእጃቸው ያሳዩናል። አርባ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው ውሃ ለመጠየቅ እጁን ሲያነሳ ማየት እንዴት እንደሆነ ልነግርዎት አልሞክርም፤ በዚህ ላይ መቀለድም አልቻልኩም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ከግንቦት አሥር በፊት ያ ብሎን ይጥበቅልኝ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ እስከዚያው በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል መብራቱን ያጥፉልን። ክፍልዎ በማጥፋት በኩል ያለውን የካበተ ልምድ ስለማውቅ፣ ይህ ይከብደዋል ብዬ አልሰጋም፤ የምሰጋው በሰዓቱ ማጥፋት ላይ ነው።

ብሎኑ እስኪጠብቅ ድረስ ብልጭ ድርግም እያልኩ በታላቅ አክብሮት የምኖር፣ የአንድ ሜትር ከግማሽ ባለ ይዞታ፣

አለበል ባምላኩ

ማስታወሻ፦ ሊያዩአቸው ከደብረ ወርቅ የመጡ የመሪጌታ ተማሪዎች ቅጂውን ሰምተው፣ ስምንተኛውን ቤት «ዝ ዝ ዝ» ብለው ጽፈው ሲከራከሩበት ሰነበቱ። ትርጉሙን ቢጠይቋቸው፣ መሪጌታ ለግማሽ ሰዓት ከተሰጣቸው ድምፅ ቀንሰው «ሰሙ ምሰሶው ነው፤ ወርቁን ግን አቶ እንዳላማውን ጠይቁ» አሏቸው። በመጪው ረቡዕ ጠዋት ሃያ ሦስት ሆነው ቢሮዎ ይመጣሉ። የቅኔ ተማሪ የአንድ ቃል ፍቺ እስኪያገኝ ድረስ ከደጅ አይነሳም፤ ስለዚህ አይቸኩሉ። የሚቀመጡበትም አያሳስብዎ፤ ቢያንስ አንድ ባዶ ወንበር እንዳለ ነግሬያቸዋለሁ።